ትኩረት ለማን ይገባል?

በዲኤስኤልአር ካሜራ ቪዲዮ የሚቀርጽ ባለሙያ ትልቁ ፈተናው የሚንቀሳቀስ ሰው ከፎከስ እንዳይወጣበት መጠበቅ ነው። ነገሩ የሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ሌላውን ሰው በእውነት ማየት ምን ይጠይቃል የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ የተገጠመ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አፐርቸሩ 1.4 ላይ ተከፍቶ 2 ሜትር የራቀ ሰው ሲቀርጽ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለምሳሌ በሰርግ ቀረጻ ላይ ሙሽሪት በአዳራሹ መሐል ወደ ካሜራው ስትመጣ አንድ እርምጃዋ ከዚህ ክልል ያስወጣታል። የደረሰችበትን አይቶ የሌንሱን የፎከስ ቀለበት የሚያዞር ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል። የፊልም ሥራ ላይ የፎከስ ባለሙያው ርቀቱን አስቀድሞ በሜትር የሚለካው፣ ተዋናዩ የሚቆምበትን ወለል የሚያመለክተውና ልምምዱን የሚከታተለው ለዚህ ነው። ሕያው ሰውን ማየት ከዓይን ፍጥነት ይልቅ የሰውየውን አካሄድ ማወቅ ይጠይቃል።

የሚንቀሳቀስን ሰው በፎከስ መከተሉን ዛሬ መሣሪያው ይሠራዋል የሚል ይኖራል። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ካነን 5ዲ ማርክ 2 ቪዲዮ ሲቀርጽ መስተዋቱ ስለሚነሣ ፈጣኑ የፎከስ መለኪያ ብርሃን አያገኝም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የመጣው ካነን 70ዲ ግን ልኬቱን በራሱ በምስል ሴንሰሩ ላይ አደረገው። ዛሬ ካሜራ ፊት ለይቶ ይከተላል። ሆኖም ሚዜው ከፊት ሲያልፍ፣ ከኋላ እናቲቱ እንባዋን ስትጠርግ፣ የትኛው ፊት እንደሚበልጥ መሣሪያው አያውቅም። መከተልን እንጂ መምረጥን አልወሰደልንም።

የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አንዱን አጥርቶ ሌሎቹን ማደብዘዝ በደል አይደለምን? የፊልም ሃያሲው አንድሬ ባዛን እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣውን «ሲቲዝን ኬን» የተባለ ፊልም ያደነቀው ቅርቡም ሩቁም ጥርት ብሎ ስለሚታይና ምርጫው ለተመልካቹ ስለሚተው ነበር። ክርክሩ ክብር ይገባዋል፤ ግን ምርጫውን ወደ ተመልካቹ አሻገረው እንጂ አላስቀረውም። የሰው ዓይን ራሱ አጥርቶ የሚያየው በመሐል ያለውን 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ዊልያም ጄምስም እ.ኤ.አ. በ1890 ትኩረት ማለት አንዳንዱን በሚገባ ለመያዝ ሌላውን መተው እንደሆነ ጽፏል። ሁሉን በአንድ ጊዜ እኩል ማየት የፈጣሪ እንጂ የፍጡር ዐቅም አይደለም። ስለዚህ በደሉ መተዉ ላይ ሳይሆን ማንን እንደምንተው ሳናስብ መተዋችን ላይ ነው።

ካሜራ የምትይዙ ሁሉ፣ ቀለበቱን ከማዞራችሁ በፊት ማንን እንደምታዩ ወስኑ፤ አካሄዱን እወቁ፤ የደበዘዘውም ሰው ተራው እንዳይቀርበት በሚቀጥለው ቀረጻ ወደ እርሱ ተመለሱ።