በግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ምክር

ምክር መካሪና ተመካሪ ይፈልጋል። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ ተመካሪው፥ «ያልኸኝን ለማድረግ አቅም የለኝም» ብሎ መመለስ ይችላል። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ምክር ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። ስለዚህ ለሕዝብ ጥቅም የሚወጣውን የግድግዳ ማስታወቂያ፥ በተለምዶ ፖስተር የምንለውን፥ የሚያዘጋጅ ሰው ቀለሙን ከመበጥበጡ በፊት የተመካሪውን መልስ በኅሊናው ሊሰማ ይገባዋል። ይህም የእጅ ሙያ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብ ጉዳይ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ የምትገኘውን መልካ ጀብዱን እንመልከት። አገሩ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ብርቱ፥ ውኃውም ውድ ነው። ቧንቧ ሲቋረጥ እንዳይጨነቅ የቤቱ ባለቤት በበርሜል፥ በጀሪካንና በሮቶ ውኃ ያጠራቅማል። በዚህ በተጠራቀመ ውኃ ግን ትንኝ ይራባል። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፥ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም ቺኩንጉንያ በድሬዳዋ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው አልጋ ላይ አውሏል። በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ ደግሞ፥ እንደ ቀድሞዎቹ በገጠር ረግረግ ሳይወሰን፥ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ናት። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣውንም ወባ ተመራማሪዎች ከዚህችው ትንኝ ጋር አያይዘውታል።

እንግዲህ ሠዓሊው «ትንኝን እንከላከል» የሚል ሥዕል እንዲሠራ ቢታዘዝ ምን ይሣል? ፈጥኖ የሚመጣለት የራስ ቅል ወይም ቆሻሻ የከበበው ቤት ነው። የመጀመሪያው ሰውን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የራስ ቅል የመርዝ ምልክት ስለ ሆነ ማንበብ የማይችል ሰው ውኃው ራሱ የተመረዘ መስሎት ሊደፋው ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ሐሰት ነው። ይህች ትንኝ በቤት ውስጥ የምትፈልገው ለመጠጥና ለማብሰያ የተቀመጠውን ንጹሕ ውኃ ነውና። በርሜሉን የሞላችው እናት ቸልተኛ አይደለችም፤ ለነገ ያሰበች ጥንቁቅ ሴት ናት። በሽታውም የገባው በስንፍናዋ በር ሳይሆን በጥንቃቄዋ በር ነው። እርሷን እንደ ጥፋተኛ አድርጎ በአደባባይ መሣል በደል ነው፤ ያፈረ ሰው ደግሞ የታመመበትን ሰው ይሸሽጋል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለውም ስለዚሁ ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ታሪካችን ያስተምረናል። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ፥ ሠራተኞቹ በፈንጣጣ የተያዘ ሕፃን መልክ ያለበትን ካርድ ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ፥ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ታይቶ እንደ ሆነ ይጠይቁ ነበር። ሥዕሉ ማንንም አልወቀሰም፤ ያልተማረውን ገበሬ እንደ ምስክር ቈጥሮ ጠየቀው እንጂ። በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ፤ በሽታውም ከአገራችን ጠፋ።

ስለዚህ የመልካ ጀብዱ ሥዕል የእናቲቱን ጥንቃቄ አክብሮ የጐደለውን ይሙላላት። በርሜሉ ሲከደን፥ በየሳምንቱም ተደፍቶ ጎኑ ሲፈገፈግ ያሳይ። ምክንያቱንም አይሸሽግ፤ በሙቀት አገር ዕንቊላሉ ትንኝ እስኪሆን አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል፤ የደንጊ ትንኝ ዕንቊላል ደግሞ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም። ጽሑፉም በኦሮምኛ፥ በሶማሊኛና በአማርኛ ይሁን፤ በራሱ ቋንቋ ያልተነገረው ሰው እንደ ተመከረ አይቈጠርምና።

ምናልባት አንዳንዱ፥ «ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይል ይሆናል። ይህ ተረት ጥፋቱ በራሱ ላይ ብቻ ለሚመለስ ሰው ይስማማ ይሆናል፤ ትንኝ ግን አጥር አያግዳትም። ምክሩን ካልሰማው ሰው በርሜል ወጥታ የሰማውን ጎረቤት ልጅ ትነድፋለች። ስለዚህ የሕዝብ መካሪ ተስፋ ቈርጦ ሰውን ለመከራ አሳልፎ ለመስጠት መብት የለውም።

በመጨረሻም፥ ማስታወቂያ ለጣፊውንም ያስገድደዋል። «ውኃችሁን በየሳምንቱ ድፉ» የሚል መሥሪያ ቤት ውኃው ሳይቋረጥ እንዲመጣ መድከም አለበት፤ አለዚያ ድኻውን ከጥማትና ከበሽታ አንዱን ምረጥ ማለቱ ነው። ወረቀቱን ፀሐይ ያነጣዋል፥ ነፋስም ይቀደዋል። ከወረቀቱ በኋላ የሚቀረው በተመካሪው ልብ ያደረው እምነት ነው፤ ይህም የሚጸናው መካሪው የበኩሉን ሲፈጽም ነው።