የማን ዝናብ ነው?

ለጉዞ ስትነሡ ስለ አየሩ ጸልያችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጸልየናል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ የኅብረታችን ጉዞ ሁልጊዜ ክረምት ላይ ይወድቃል። ከዓመታት በፊት ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ስናቅድ ሳምንቱን ሙሉ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዝናቡን ያዝልን» እያልን ጸለይን።

የጉዞው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ እየዘመርን ደባርቅ ገባን። ከከተማው ወጣ እንዳልን አንድ አባት ገብስ ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘናቸው።

«አባቴ፣ ዛሬስ ፀሐይ ወጣልን፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው።

«ይመስገን ልጄ» አሉና ቡቃያውን አዩ። «ዝናቡ ግን አቋረጠብን፤ አራት ቀኑ። እስቲ ጸልዩልን።»

እሺ ብዬ አለፍኩ። አልጸለይኩም። እንዴት ልጸልይ?

ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃበር በእግር ስንሄድ፣ እኩለ ቀን ሲሆን አብሮን የነበረው የፓርኩ ስካውት ቆመ። «ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነው። እንመለስ» አለ። እኔ መሪው ግን፣ «ጸልየናል፤ አይዘንብም» አልኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፊት ለፊታችን ያለው ሰው መታየት አቆመ። ቀዝቃዛው ዝናብ ወረደብን። ስስ ሹራብ ብቻ የለበሰች እህታችን መናገር እስኪያቅታት ተንቀጠቀጠች። ስካውቱ የራሱን ብርድ ልብስ አልብሷት፣ እጅ ለእጅ አያይዞ መለሰን።

ያ ሰው እምነት አላነሰውም። እግዚአብሔር የሠራውን ተራራ ያውቀዋል። ከቆላው የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ጉምም ዝናብም ይሆናል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሳንቃበር ደግሞ ከጎንደር ከተማ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እኔ የጠዋቷን ፀሐይ ለእኛ ብቻ የተላከች መልስ አድርጌ ስለቆጠርኳት፣ የሰውየውን ማሳም፣ ከፊቴ ያለውን ጉምም ማየት ተሳነኝ።

«ኤልያስስ ስለ ዝናብ ጸልዮ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። ጸልዮአል። ነገር ግን ሕዝብ ወደ አምላኩ እንዲመለስ እንጂ ጉዞው እንዲያምርለት አልነበረም። ጌታችንም ማዕበሉን ጸጥ ያሰኘው ጀልባ ውስጥ የነበሩት ሊጠፉ ሲሉ ነው። ስለ አየር መጸለይ ነውር አይደለም። አባት ለልጁ ትንሽ ነገርም ይሰማል። ነውሩ፣ የሚጸልየው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል መጸለይ ነው። ዝናቡ ለጻድቁም ለኃጢአተኛውም የሚወርድ የአባታችን ስጦታ እንደሆነ ጌታ አስተምሮናል፤ የእኔ ዕቅድ እንዳይበላሽ ከሰው ማሳ ላይ ይነሣ ማለት ግን የጎረቤትን እንጀራ እንደመለመን ነው።

ስንመለስ ያ አባት ዝናቡ ውስጥ ቆመው ነበር። በስብሰዋል፤ ፊታቸው ግን ይስቃል። እጃቸውን አንሥተው፣ «ጸሎታችሁ ደረሰ! እግዜር ይስጣችሁ!» አሉን።

ሌሎቹ እጃቸውን አውለበለቡ። እኔ ቀና ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ በክረምት ስንጓዝ ጃኬት እንይዛለን፤ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ተመለሱ ካለንም እንመለሳለን። ጸሎታችንም አልቀረም። ብቻ ከመጸለያችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ እናንተም ጠይቁ፦ ማሳው ዳር የቆሙት አባት ይህን ጸሎት ቢሰሙ «አሜን» ይላሉ?