ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ጀበና

ልጆቼ፣ ከደሴው ሆጤ ሰፈር ልጆች መካከል እንግሊዝኛ ለማስተማር ከአገር ለመውጣት የምታስቡ አላችሁ። አንዱ ሐርጌሳ ይላል፣ አንዷ ጁባ፣ ሌላው ቻይና። ወላጆቻችሁም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ጋሼ፣ እስቲ አንድ ነገር ይበሉልን፤ ዕድሜዎን ሙሉ ያስተማሩት ይህንኑ አይደል?" ይሉኛል። ስለ ሰዋስው አልመክራችሁም፤ እሱን ዩኒቨርሲቲ ተምራችሁታል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ማዕድ፣ ስለ ሰላምታና ስለ ክፍል ውስጥ ጠባይ ነው። በሰው አገር መምህርን የሚያስከብረውም የሚያስንቀውም እሱ ነውና።

ደሴ ከባዕድ አገር ሰው መማርን አሳምራ ታውቀዋለች። በንጉሡ ዘመን የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ህንዳውያን መምህራን ነበሯቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የኬረላ ሰዎች ናቸው። የ1955 ዓ.ም. ትምህርት ሊጀመር ሲል ደግሞ ሦስት መቶ የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ገቡና በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። መሪያቸው ኋላ የፔንሲልቬንያ ሴናተር የሆኑት ሀሪስ ዎፎርድ ነበሩ። ወሊሶ ያስተማረው ወጣት ፖል ሶንጋስም አገሩ ተመልሶ ሴናተር ሆነ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነት እጩ ለመሆን እስከ መወዳደር ደርሷል። ወሎም ድርሻዋን አግኝታ ነበር፤ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተጠራው የደሴው ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የውጭ መምህራንን ያየ ቤት ነው። የሰላም ጓድ ፕሮግራሙ በ1969 ዓ.ም. ተቋረጠ። ከደርግ በኋላ ተመለሰ፣ በኤርትራው ጦርነት ጊዜ ወጣ፣ በ2000 ዓ.ም. እንደገና ገባ፣ መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ሁሉም ተጠራርተው ሄዱ።

ከእነዚህ ሁሉ መምህራን መካከል በእኛ ዕድሜ ሰዎች ቡና ላይ ዛሬም የሚነሱት እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ለቅሶ የደረሱት፣ የአከራያቸውን እናት ስም የሚያውቁት፣ ረቡዕና ዓርብ ምን እንደማይበላ ሳይነገራቸው የሚያስታውሱት ናቸው። ስለ ያለፈ ግሥ ማን የተሻለ እንዳስረዳን የሚያስታውስ የለም። ትምህርቱን ግን የተቀበልናቸው ከእነዚያው ነው፤ ልጅ የሚያከብረውን ሰው ቋንቋ ለመያዝ አይሰንፍም።

እናንተ ደግሞ ወሎዬዎች ናችሁና ለዚህ ሥራ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰልጥናችኋል። ሆጤ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ይኖራል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም ሁለቱ ሃይማኖት ሲገኝ ብርቅ አይደለም። ስጋ ላይ ግን እንለያያለን። ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በጉን ወይም በሬውን ከነነፍሱ ለይቶ ያስረክባል፤ አራጁም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ድስቱም የእነሱ ነው። ሙስሊሙም በተራው ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ጠላ ለማይጠጣው ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይቀርባል። ቢላዋው ሁለት ነው፤ ጀበናው አንድ ነው። "የኔን ስጋ ካልበላህ ወዳጄ አይደለህም" የሚል ሰው አላየሁም፤ የሌላውን ማዕድ የሚያንቋሽሽም ቢኖር ባለጌ ተብሎ ይቀራል። የማትበሉትን ማዕድ እያከበራችሁ አብሮ መቀመጥን ታውቁበታላችሁ ማለት ነው። ብዙ የውጭ መምህር ይህንን ለመልመድ ዓመት ይፈጅበታል።

እንግዲህ ይህን ዕውቀት እንዴት እንደምትሠሩበት ላስረዳ።

አንደኛ፣ የምትጾሙትንና የማትበሉትን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የሚጋብዛችሁ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይወቀው። ምግቡ ከቀረበ በኋላ የሚነገር "አልበላም" የለፋችውን ሴት ያሳዝናል። እኛ አገር ጋባዡ የተጋባዡን ሃይማኖት ስለሚያውቅ ጥያቄው አይነሳም፤ እነሱ ግን የሁዳዴን 55 ቀን ከየት ያውቁታል? ሙስሊም የሆናችሁም ቻይና ስትደርሱ ስለ አሳማ ስጋና ስለ መጠጥ በመጀመሪያው ሳምንት በጨዋ ቃል አስታውቁ። ከዚያ በኋላ የምትችሉትን ሁሉ ቅመሱ። ከልካይ ነገር የሌለበትን ምግብ ሽታው አልተመቸኝም ብሎ መግፋት ግን ነውር ነው። የእኛን እንጀራ መጀመሪያ ሲቀምሱ ፊታቸውን ያኮሳተሩትን የውጭ መምህራን አስቡ፤ እናቶቻችን ምን እንደተሰማቸው እኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ የእምቢታን ወግ አጥኑ። ወሎ ውስጥ የመጀመሪያው "በቃኝ" አይታመንም። "በሞቴ"፣ "አፈር ስሆን" ተብሎ ጉርሻው ይቀጥላል፤ እንግዳውም ትንሽ ተግደርድሮ ይጎርሳል። በሌላ አገር ወጉ ሌላ ነው። ቻይና ውስጥ በልማዱ ሳህኑን ጨርሶ ያጸዳ እንግዳ አልጠገበም ተብሎ ይጨመርለታል፤ ጥቂት ማስቀረት መጥገብን ያሳያል። መመገቢያ እንጨቶቹን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት ደግሞ ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ስለሚመስል ክፉኛ ይጠላል። ሐርጌሳ ሩዝ ከሙዝ ጋር ቢቀርብላችሁ አትሳቁ፣ በአንድ ላይ ይበላል። ቁርስ ላይ የሚመጣው ላሖህ የእንጀራችን ዘመድ ነው፤ ሳሳ፣ አነስ ያለና ከሻይ ጋር የሚሄድ። የግመል ወተትም ይቀርባል። ጁባ ከማሽላ ሊጥ ተቦክቶ የሚጋገረውን ኪስራ ታገኛላችሁ። "ይሄማ የእኛ እንጀራ ነው" ብላችሁ ግን አትከራከሩ፤ ስሙን በእነሱ አፍ ጥሩት፣ እንዴት እንደሚጋገር ጠይቁ። ቀኝ እጅ በሐርጌሳም በደሴም ቀኝ እጅ ነው። ለታላቅ በሁለት እጅ መስጠትም ቻይና ድረስ ያስከብራችኋል።

ሦስተኛ፣ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ እንግዳ አትሁኑ። እኛ ዘንድ አቦሉ ጥሙን ይቆርጣል፤ ወሬው የሚወጣው ቶናው ላይ ነው፤ ምርቃቱና ዱዓው በረካ ላይ ነው። ስለ አንድ ሰፈር ማወቅ ያለባችሁን ሁሉ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው ተማሪ አባቱን እንደቀበረ፣ የትኛዋ ልጅ ለምን እንደምትቀር፣ እዚያ ትሰማላችሁ። በየአገሩ ይህን የሚመስል መቀመጫ አለ፤ ሶማሌዎች ዘንድ በወተት የተፈላ ሻይ ነው። ፈልጋችሁ ተቀመጡ። እዚያም እንግሊዝኛ አታስተምሩ፣ የሰው አነጋገርም አታርሙ። ዝም ብላችሁ ስሙ፣ በቀን አምስት የአገሩን ቃል ይዛችሁ ተመለሱ። ስጦታ መውሰድ ስትፈልጉም ከቤተሰቡ ልማድ ጀምሩ፤ ደሴ ላይ የታረደ ስጋ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ችግር ይፈጥራል፤ በጉን ነድቶ ያመጣው ግን ሁሉንም ያስደስታል።

አራተኛው ምክሬ ስለ ክፍል ውስጥ ጠባይ ነው። የወሎ ልጅ ታላቁ ሲያናግረው ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ይህ አክብሮት ነው። ይህን ያልተረዳ የውጭ መምህር ልጁ ያልሰማው መስሎት ይቆጣ ነበር። እናንተም በምትሄዱበት ዝምታ ሲገጥማችሁ ወዲያው ስንፍና አትበሉት። "ገባችሁ?" ብላችሁም አትጠይቁ። እዚህ አገር ስልሳ ተማሪ በአንድ ድምፅ "አዎ" ይላል፤ የገባቸው አሥሩ ናቸው። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አነጋግሩ፣ አንድ አረፍተ ነገር አስጽፉ፣ እየዞራችሁ እዩ።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ፤ የእኛ ሁለት ሰዓት የእነሱ ስምንት ነው። ቀጠሮ ላይ ስድስት ሰዓት የሚያሳስት ልማድ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ሐርጌሳ ዓርብ ትምህርት የለም።

ስለ ድምፅ አወጣጥም አንድ ልበል። የተማሪያችሁን አፍ መፍቻ ቋንቋ ሳታውቁ ስህተቱን አታርሙት። አረብኛና ሶማሊኛ "ፕ" የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው ልጁ "ብ" ይላል። ይህን የሰማ የደሴ ሰው መሳቅ የለበትም፤ የእኛ አያቶች ፖሊስን "ቦሊስ" ይሉ የለ? ምሳሌዎቻችሁንም ከአካባቢው ውሰዱ፤ "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" ነው ነገሩ። እኛ በረዶ ሳናይ ስለ በረዶ፣ ባቡር ሳናይ ስለ ለንደን ባቡር ጣቢያ በቃላችን ሸምድደናል። ዋጋ መጠየቅን ገበያ ወስዶ በቲማቲምና በሽንኩርት ያስተማረ መምህር በአንድ ቀን ያስጨበጠን ነገር ግን ከአእምሯችን አልጠፋም።

አምስተኛ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻችሁ ባለመሆኑ አትፈሩ። ህንዳውያኑ መምህሮቻችን እቤታቸው የሚናገሩት ማላያላም ነበር፤ እንግሊዝኛውን ግን እኛ ከእነሱ ተማርነው። ኮምቦልቻን ደግሞ በዓይናችሁ አይታችኋል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን ባቡር መስመር የቱርክ ኩባንያ ሠራው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን ኢንዱስትሪ ፓርክ የቻይና ኩባንያ ገነባው። ቱርኩ መሐንዲስና የኮምቦልቻው ሾፌር በምን ተግባቡ? ለሁለቱም ባዕድ በሆነ እንግሊዝኛ ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ አብዛኛው ሥራው ይኸው ነው። ቋንቋውን ተጨንቆ የተማረ ሰው የት ቦታ እንደሚያደናቅፍ ያውቀዋል፤ ይህ ለመምህር ትልቅ ሀብት ነው። ቢሆንም አንዳንድ አገር ለእንግሊዝኛ መምህር ፈቃድ የሚሰጠው በአብዛኛው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ የሆነባቸው አገሮች ፓስፖርት ላለው ነው፤ ቻይና ከእነዚህ አንዷ ናት። አስቀድማችሁ ሕጉን አጣሩ።

ይህ ወደ መጨረሻው ምክሬ ያደርሰኛል። ደላላ በወሎ ወጣት ላይ ያደረሰውን የማያውቅ ቤት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የለም። መምህርነት ነው ብሎ ሌላ ሥራ ላይ የሚጥል አለ። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን የቅጥር ደብዳቤ ሳትይዙ፣ ትምህርት ቤቱ መኖሩን በኤምባሲ ወይም እዚያ ባለ ኢትዮጵያዊ ሳታረጋግጡ፣ ብር አትክፈሉ። በጎብኚ ቪዛ ሥራ አትጀምሩ። ደመወዙ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል፣ ቤት ኪራዩንና ሕክምናውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይኑራችሁ። ፓስፖርታችሁን ለአሠሪ አሳልፋችሁ አትስጡ፤ ቅጂውንም እቤት ለእናታችሁ ተዉላት።

እንግዲህ ሂዱ፤ አላህም እግዚአብሔርም መንገዳችሁን ያቅናው። በምትደርሱበት አገር ግን የመጀመሪያውን ወር በክፍል ውስጥ መምህር፣ ከክፍል ውጭ ተማሪ ሁኑ። የሰውን ማዕድ አትንቀፉ፤ የራሳችሁንም አትደብቁ። ስትመለሱም የተማራችሁትን የማዕድና የሰላምታ ወግ ለታናናሾቻችሁ ንገሩ፤ ነገ ወደ ሆጤ የሚመጣውን የውጭ መምህር የሚቀበሉት እነሱ ናቸውና።