የባሕር ኬላና የሰው ሐቅ

ለመሆኑ ውሃ ድንበር አለውን? በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ዓሣ አስጋሪ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሲሻገር «ምን ጫንክ? ከየት መጣህ?» የሚለው የለም። ይኸው ሰው ታንኳውን በጀልባ ለውጦ ከጅቡቲ ጠረፍ ወደ የመን ልሻገር ቢል ግን የጀልባው መዝገብ፣ የተሳፋሪው ስም ዝርዝር፣ የጭነቱ ሰነድ ይጠየቃል። ውሃው ያው የአላህ ውሃ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ሰው ያወጣው ሕግ ነው። እንግዲህ ይህን ሕግ በስውር ማለፍ በአላህ ዘንድ ያስጠይቃልን?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። እኛ ወሎዎች ባሕር ባይኖረንም በባሕር የሚመጣው ደጃችን ይደርሳል። ከጠረፍ ተነስቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚወጣ ጨርቅና ጫማ እስከ ደጋው ገበያ ይዘልቃል። ሐይቅ ላይ ከነጋዴዎች ጋር ስጨዋወት ደጋግሜ የሰማሁት «ባሕሩ የአላህ፣ ቀረጡ የሰው፤ ታዲያ ኮንትሮባንድ ምኑ ሌብነት ነው?» የሚል ቃል ነው። እንዲህ ከሚሉት ውስጥ ሶላቱን በወቅቱ የሚሰግድ፣ ዘካውን የሚያወጣ፣ ሚዛን የማያጎድል ሰው አለ። ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ሊመለስለት ይገባል።

በእርግጥ እሱም ማስረጃ አላጣም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነጋዴ ላይ ያለ አግባብ የሚወሰደውን መክስ የሚሰበስብን ሰው በብርቱ ማውገዛቸው ተላልፏል። በየጁሙዓው የምንቀራው ሱረቱል ከህፍም ደህና ጀልባን ሁሉ በጉልበት የሚቀማ ንጉሥ እንደነበረ፣ ባሕር ላይ ሠርተው የሚያድሩ ምስኪኖች ጀልባ እንድትተርፍላቸውም ኸድር ሆን ብለው ነውር እንዳደረጉባት ያወሳናል። «የዛሬው ጉምሩክ ከዚያ ንጉሥ በምን ይለያል?» የሚል ቢመጣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚለይበትን ካላሳየን ለሕግ ታዘዙ ብለን ልንመክር አንችልም።

መልሱን ከኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን እናገኛለን። ሙስሊም ነጋዴዎች ወደ ባዕድ አገር ሲገቡ አንድ አሥረኛ እንደሚወሰድባቸው አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ጽፈው ቢያስታውቋቸው፣ ዑመር ከባዕድ ነጋዴ ያንኑ ያህል፣ በሙስሊሞች አገር ከሚኖር ዚሚ 1/20ኛ፣ ከሙስሊሙ ደግሞ 1/40ኛ እንዲወሰድ አዘዙ። ይህን እንዲሰበስቡ ከተሾሙት አንዱ ዚያድ ኢብኑ ሑደይር ነበር። በኤፍራጥስ ወንዝ ላይ ገመድ ዘርግቶ ተጓዡን ያስቆም እንደነበር ተዘግቧል። አንድ ክርስቲያን ዓረብ 20,000 ዲርሃም የተገመተ ፈረስ ይዞ ሲያልፍ 1,000 አስከፈለው። ሰውየው በዚያው ዓመት ሲመለስ ግን ዳግመኛ 1,000 ተጠየቀ። እሱም «ባለፍኩ ቁጥር ልትወስድብኝ ነውን?» ብሎ መካ ድረስ ሄዶ ለኸሊፋው አቤት አለ። ዑመር ብዙ ቃል አላወጡም። ሰውየው አቤቱታው ሰሚ ያላገኘ መስሎት ሁለተኛውን 1,000 ሊከፍል ተዘጋጅቶ ቢመለስ፣ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወሰድ የሚያዝዘው የዑመር ደብዳቤ ቀድሞት ደርሶ አገኘው።

የጀልባ ቀማኛው ንጉሥና የዑመር ገመድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ገመዱ የታወቀ መጠን አለው፤ ሁለት ጊዜ አይወስድም፤ የተበደለ ሰው፣ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን፣ አቤት የሚልበት በር አለው። እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ ቀረጥ ቀረጥ ነው። ሲጓደሉ ግን ደንብ ልብስ ስለለበሰ ብቻ ቅሚያ ሐላል አይሆንም።

ይህን ደግሞ የሰብሳቢው ሃይማኖት አይወስነውም። ከአንዳሉስ ለሐጅ የተነሱት ኢብኑ ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 በመርከብ እስክንድርያ ሲደርሱ፣ የወደቡ ሹማምንት የሑጃጁን ዕቃ በግርግር እንደበረበሩ፣ ወገባቸውን እንደፈተሹ፣ ዓመት ይሙላው አይሙላው ሳይጠይቁ ዘካ እንዳስከፈሉ ጽፈዋል። ሱልጣን ሰላሑዲን ይህን ቢያውቁ ኖሮ ባስቀሩት ነበር ሲሉም አዝነዋል። በዓመቱ በመስቀል ጦረኞች እጅ ወደነበረችው አካ ሲገቡ ግን ጉምሩኩ በትሕትናና ያለ ግፍ እንዳስተናገዳቸው ሳይሸሽጉ መስክረዋል። ፍትሕ ያለበትን አመስግኖ የጎደለበትን መውቀስ ማለት እንዲህ ነው።

በአገራችንም የውሃ ኬላ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ስምምነት በባሮ ወንዝ ላይ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ተፈቅዶ፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት ጋምቤላ ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች ቡና የሚጭኑባት ወደብ ሆና ነበር። ዛሬም የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 ዕቃ በሰነድ እንዲገባ ያዝዛሉ። ተበደልኩ ለሚል ነጋዴም ቅሬታ የሚያቀርብበትና ይግባኝ የሚልበት መንገድ በሕጉ ተቀምጧል። እንግዲህ ሚዛኑ አለ። የሚጎድለው የሚመዝነው እጅ ነው። ኬላ ላይ ቆሞ «ለሻይ» የሚል ሠራተኛ ዑመር የከለከሉትን ሁለተኛውን 1,000 እየተቀበለ መሆኑን ይወቅ። ያውም የእሱ ደረሰኝ እንኳ የለውም።

ይሁን እንጂ የሰብሳቢው ኃጢአት የአምላጩን ኃጢአት አያጥብም። «መንግሥት ይበድለኛል» የሚለው ነጋዴ ያልከፈለው ቀረጥ የሚጎዳው መንግሥትን ብቻ አይደለም። ከጎኑ ሱቅ ከፍቶ፣ ቀረጡን ከፍሎ፣ ያንኑ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቱ በዋጋ ተበልጦ ይዘጋል። ያ ጎረቤት በማንም ላይ ግፍ አልሠራም። ከማን ላይ ተወሰደ ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሰው ሐቅ ነው። የሰው ሐቅ ደግሞ በኢስቲግፋር ብቻ እንደማይወርድ፣ ባለቤቱ ይቅር ካላለ እንደሚያስጠይቅ ሁላችንም ተምረናል።

ከዚህም የከበደ አለ። ጭነቱን ሳያስመዘግብ ማለፍ የለመደ ጀልባ ሰውንም ሳያስመዘግብ ይጭናል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በኦገስት 2025 ደግሞ በየመን አብያን ጠረፍ ሌላ ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች አለቁ። ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በኦቦክ በኩል የሚሻገር ልጅ ከወሎ ስንት ቤት ወጥቷል? የተሳፋሪ መዝገብ በሌለው ጀልባ ላይ የሰጠመ ልጅ እናቱ ጀናዛውን አታገኝም፤ መሞቱንም በቁርጥ አታውቅም። ያን «የሰው ሕግ ነው» ተብሎ የተናቀ የስም ዝርዝር ለእሷ ከወርቅ በላይ በሆነ ነበር።

«ሶሓቦችስ ወደ ሐበሻ የተሻገሩት በማን ፈቃድ ነው?» የሚል አይጠፋም። እነሱ ከግፍ ሸሽተው፣ በሹዐይባ ወደብ በግማሽ ዲናር በነጋዴ ጀልባ ተሳፍረው መጡ። እዚህ ሲደርሱ ግን አልተደበቁም። በንጉሡ ፊት ቆመው ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ በእውነት ተናገሩ። ቁረይሾች ሊያስመልሷቸው ለሹማምንቱና ለንጉሡ ስጦታ ጭነው ቢልኩም ነጃሺ ሁለቱንም ወገን ሰምተው ስጦታውን መለሱ። የድንበር ሥነ ምግባር ሙሉ ሆኖ የሚታየው በዚህ ታሪክ ነው። የሚገባው አይዋሽም፤ የሚቀበለውም ጉቦ አይበላም።

በመሆኑም ለነጋዴው የምለው ይህ ነው፦ ቀረጡ በዝቶብህ ከሆነ በግልጽ ተናገር፤ አቤት በል፤ ከመሰሎችህ ጋር ሆነህ እንዲሻሻል ጠይቅ። መካ ድረስ የሄደው ሰው በሌሊት ገመዱን ቆርጦ አላለፈም። ለባለሥልጣኑም የምለው አለኝ፦ ያ ሰው ደብዳቤው ቀድሞት እንዲያገኘው አድርግ። አቤት ባይ በሮች ሁሉ ተዘግተውበት ከተመለሰ ግን ገመዱን እንዳይቆርጥ የሚመክረው ሰው ቃል ያጥረዋል። ወላሁ አዕለም።