ለጀናዛ የተዘጋጀ ሰፈር

 

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ለጁሙዓ ቀን ትንሽ ያልተለመደ ነው። ሰውን ከአደጋ ለማዳን ንያ ብቻ ይበቃል? ንያው የጠራ ሰው ለአላህ ብሎ ሮጦ፣ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ፣ ሊረዳው የሄደውን ሰው ቢጎዳው ወይም ራሱ ቢጠፋ ነገሩ «ቀደር ነው» ተብሎ ይዘጋል? ወይስ ከዚያ በፊት ከሁላችንም የሚጠበቅ ነገር ነበር?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ ሮጠ። የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ከሕዝቡ ጋር ደረሱ። በአካፋና በእጃቸው አፈሩን ሲቆፍሩ ተራራው እንደገና ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ ያላገኛቸው፣ ለመርዳት የመጡ ሰዎች ነበሩ።

እነዚያን ሰዎች መውቀስ ድፍረት ነው። ጩኸት ሰምቶ የሮጠን ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ ቪዲዮ እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ሰው ሊተቸው አይገባም። ጥያቄው የሚመለሰው ወደ እኛ ነው። አንዴ የተናደ ተዳፋት የቀረው አፈር እንደሚላላና ዳግም ሊናድ እንደሚችል፣ ቁፋሮ ሲጀመር አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ተራራውን ብቻ እያየ «ሽሹ» ብሎ እንዲጮህ መመደብ እንዳለበት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሥሩ መግባት እንደሌለበት ማን አስተማራቸው? በእኛስ ሰፈር ይህን የሚያውቅ ማን ነው?

ጃቢር (ረ.ዐ.) የዘገቡት፣ አቡ ዳውድ ያሰፈሩት አንድ ታሪክ አለ። ሶሐቦች መንገድ ላይ ሳሉ አንዱን ድንጋይ መታውና ራሱ ተፈነከተ። ከዚያ በእንቅልፉ ጀናባ ሆነ፤ ጓደኞቹንም ተየሙም ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብሎ ጠየቃቸው። ውሃ እስካለ ድረስ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበ፤ ሞተ። ወሬው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲደርስ ንያቸው ጥሩ ነበር ብለው አላለፉትም። ሰውየውን እነሱ እንደገደሉት ተናገሩ። ካላወቁ መጠየቅ እንደነበረባቸው፣ የአላዋቂነት መድኃኒቱም መጠየቅ እንደሆነ አስረዱ።

በመድረሳ ይህን ሐዲስ የምንቀራው በጦሃራ ምዕራፍ ነው። ቁስል ያለበት ሰው እንዴት እንደሚጥጥብና በፋሻ ላይ እንዴት እንደሚያብስ ሕግ ተምረንበት እናልፋለን። ለእኔ ግን ከጦሃራ ይሰፋል። እነዚያ ሶሐቦች ጓደኛቸውን አይጠሉትም ነበር፤ የአላህን ትእዛዝ እንዳያፈርስ ብለው ነው። ፍቅሩ ነበር፣ ተቅዋው ነበር፣ የጎደለው እውቀቱ ነው። ጉድለቱም ነፍስ አስከፈለ።

ይህ በየቤታችን አለ። እሳት ላቃጠለው ልጇ የጥርስ ሳሙና የምትቀባ እናት ፍቅር አንሷት አይደለም። ቃጠሎው የሚፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ እንደሆነ የነገራት የለም። መጥበሻ ላይ ዘይት ሲቀጣጠል ውሃ የሚደፋው ሰውም ለማጥፋት ብሎ ነው፤ ውሃው ግን የሚነድደውን ዘይት ወደ ፊቱ ይረጨዋል። ክዳን ቢከድንበት አየር አጥቶ ይጠፋ ነበር። ኤሌክትሪክ የያዘውን ወንድሙን ቆጣሪ ሳያጠፋ በእጁ የሚጎትተው ልጅ ለራሱ የማይሳሳ ልጅ ነው፤ ሁለቱም አብረው ሊቀሩ ይችላሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ከሰል አለ። በተዘጋ ክፍል ከሚጤስ ከሰል የሚወጣው መርዛማ አየር ሽታም ቀለምም የለውም። እንቅልፍ የጣላቸው መስሎት ሊቀሰቅሳቸው የገባውም እዚያው ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ በርና መስኮት መክፈት፣ ቀጥሎ ሰዎቹን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ይህን ሁሉ ለመማር የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ የደርስ ሰዓት አይበልጥም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። አንድ ሰው ዛሬ ማታ ቢሞት ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ጠዋት ድንኳን ይተከላል። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ማን እንደሚያጥብ ይታወቃል፤ ከፈኑ ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ቃሬዛው መስጂድ ውስጥ በቦታው ተቀምጧል። ሐረሮች አፎቻ ይሉታል፣ ሌላው እድር ይለዋል፤ ስሙ ቢለያይም ሥራው ያው ነው። ማንም አይደናገጥም፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ያውቃል። ለቀብር እንደ እኛ የተደራጀ ሕዝብ ብዙ ያለ አይመስለኝም፤ ይህንንም የምለው በኩራት ነው።

ያው ሰው ዛሬ ማታ ባይሞትና ቤቱ ቢቃጠልስ? እሳት ማጥፊያው የት ነው? ካለስ እንዴት እንደሚከፈት የሚያውቅ ማን ነው? ከጣሪያ የወደቀን ሰው አንገቱን ሳያንቀሳቅስ የሚያነሳ፣ እየፈሰሰ ያለን ደም ጨፍልቆ የሚያቆም ማን ነው? ያ በመስጂዱ ጥግ የቆመው ቃሬዛ ለሕያው ሰው ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጀናዛን ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርዱ ኪፋያ እንደሆነ ከልጅነታችን ተምረናል። የተወሰኑት ከፈጸሙት ከሌሎቹ ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ይጠየቅበታል። እድሮቻችን እንዲህ የተደራጁት አንዱም ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ነገር ግን ዑለሞች ፈርዱ ኪፋያን በጀናዛ አልወሰኑትም። በ505 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ ዑሉሙዲን» የእውቀት ክፍል ላይ ሕክምናን ከፈርዱ ኪፋያ ቆጥረውታል። እንዲያውም በከተማው አንድ ሙስሊም ሐኪም ሳይኖር ሰዉ ሁሉ ለፊቅህ ክርክር ሲሻማ ማየታቸው አስመርሯቸዋል። ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ዛሬም በየቴሌግራሙ እየተከራከርን ነው።

የሞተን ሰው ማጠብ የሁላችን ግዴታ ከሆነ፣ ሳይሞት ማዳኑ በምን ሒሳብ ሊያንስ ይችላል? ሱረቱል ማኢዳህ 32ኛው አንቀጽ ላይ አንዲት ነፍስን ያዳነ ሰው ምን ያህል እንደሚቆጠርለት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፈቂሆች ደግሞ እየሰገደ ያለ ሰው የሚሰምጥ ሰው ቢጮህ፣ ወይም ዓይነ ስውር ወደ ጉድጓድ ሊገባ ሲል ቢያይ፣ ሶላቱን ማቋረጥ ግዴታው እንደሆነ ጽፈዋል። ሶላትን አቁሞ ሮጠ እንበል። ሮጦ ሲደርስስ ምን ያደርጋል? ዋና አያውቅም፣ ገመድ የለም፣ ማንን እንደሚጠራ አያውቅም። ሶላት የሚቋረጥለት ነገር እንዴት ዝግጅት አይደረግለትም?

«ተወኩልህ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዑመር (ረ.ዐ.) መልሰውታል። ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ይሸሻሉ ወይ ብለው ጠየቋቸው። የዑመር መልስ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው የሚል ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነቤተሰቡ መቃጠሉን ሲሰሙ፣ እሳት ጠላት መሆኑንና ከመተኛት በፊት መጥፋት እንዳለበት አስተማሩ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። የእሳት አደጋ መከላከያ ትምህርት ብላችሁ ብትጠሩት አልጣላችሁም።

ደግሞ እውቀት ሁልጊዜ የባለሙያ እውቀት ብቻ አይደለም። ድሬዳዋን ውሰዱ። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ጎርፉን የሚያመጣው ዝናብ ግን ከተማዋ ላይ ባይጥልም ከላይ ደጋው ላይ ሊጥል ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ይኸኛው ብዙዎቹን የወሰደው በተኙበት ነው። ደጋው ላይ ያለ ሰው የሚያየውን ታች ያለው አያይም። ስለዚህ ላይ ላለው አንድ የስልክ ጥሪ አማና ነው። ታች ደግሞ ያን ስልክ በሌሊት የሚያነሳ፣ አንስቶም ለሰፈሩ የሚያሰማ ሰው መኖር አለበት። በየመስጂዳችን ያለው ድምፅ ማጉያ ሰፈሩን በሙሉ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቀስቀስ የሚችል መሣሪያ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ማን እንደሚከፍተውና ምን እንደሚል አስቀድሞ የተነጋገረ ኮሚቴ ስንት ይሆን?

መስጂድን ካነሳሁ አይቀር፣ በታኅሣሥ 2017 በአፋር በኩል የደረሰውና 5.7 የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በዚያ ሰሞን በአእምሮዬ ይመላለስ የነበረው የሴቶች መስገጃ ነው። ብዙ ቦታ ፎቅ ላይ ነው። መውጫው አንድ ጠባብ ደረጃ ነው፤ ደረጃው ላይ ጫማ ተከምሯል። ሁለተኛ በር ካለም ተቆልፏል፤ ቁልፉ ያለው ሶላት ላይ ባለ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። በረመዳን ተራዊሕ ላይ ያንን ፎቅ ከእህቶቻችንና ከልጆቻቸው ጋር በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት፤ ከዚያ መብራት ጠፍቶ አንዲት ሴት «እሳት» ብላ ስትጮህ አስቡት። እሳት ባይኖር እንኳ ግፊያው ራሱ ሰው ይገድላል። ለምንጣፍ መቀየሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ሲሰበሰብ ግን እስካሁን አላየሁም። ጫማውን ከደረጃው ማንሳትና በሩን በሶላት ሰዓት ክፍት ማድረግ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም። ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ሊደረግ ይችላል።

እናንተ ወጣቶች የእድር ስብሰባ የሽማግሌ ነው ብላችሁ ትቀራላችሁ፤ ወርሃዊውን የሚከፍለው አባታችሁ ነው። ሂዱ። አባቶች ያፈሩት አደረጃጀት ቀላል ነገር አይደለም፤ አዲስ ማኅበር ከማቋቋም እሱን መጠቀም ይሻላል። በአክብሮት አንድ አጀንዳ አስይዙ፦ ከቀብሩ ገንዘብ ላይ ትንሽ ተቀንሶ እሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ይገዛ፤ ከየመንገዱ ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ ይሠልጥን። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። የተመረጡት ስም እንደ ጀናዛ አጣቢዎቹ በሰፈሩ ይታወቅ። «ገንዘቡ ለሞት ነው» የሚል አባት ይኖራል፤ አትከራከሩት። ያንኑ ገንዘብ ትንሽ ለማዘግየት እንደሆነ ንገሩት፤ ይስቃል፣ ይፈርማል።

በደርስ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ኡስታዝ፣ ሰው ሲሰምጥ ወይም ቤት ውስጥ ሲቃጠል ባይና መግባት ብፈራ ወንጀለኛ ነኝ?» መግባት አቅምህ ካልሆነና መጥፋትህ ከታወቀ የመግባት ግዴታ የለብህም፤ ራስን ወደ ጥፋት መጣል በሱረቱል በቀራህ 195 ተከልክሏል። ዋና የማይችል ሰው ጎርፍ ውስጥ ሲገባ አዳኞቹ የሚያወጡት ሰው አንድ ይጨምራል። ግዴታህ ከአቅምህ የሚጀምር ነው፤ ገመድ ወይም እንጨት መወርወር፣ መጮህ፣ ቆጣሪ ማጥፋት፣ ልጆችን ማራቅ፣ መደወል። ይህን እየቻለ ቆሞ የቀረጸ ሰው ግን መልሱን ለአላህ ያዘጋጅ። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልክ 939 ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደውሉ መጀመሪያ ቦታውን ተናገሩ፣ ምን እንደሆነ ከዚያ ይቀጥላል። ሰፈሮቻችን የሚታወቁት በምልክት ስለሆነ፣ አንድ ሰው አስፋልቱ ዳር ድረስ ሮጦ መኪናውን ይጠብቅ፤ መንገዱን የዘጋ መኪና ካለም እስከዚያ ያስነሳ።

ወላሁ አዕለም።