ከወጡ በኋላ

መቱን በመሰለ ከተማ ጥብቅ የሃይማኖት ቡድንን ትቶ መውጣት የአምልኮ ቦታ ከመቀየር እጅግ ይከብዳል። ቤት አከራዩ፣ አሠሪው፣ አበዳሪው፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሁሉ ከዚያው ቡድን ሊሆን ይችላል። ዓመታትን ያለ ደመወዝ “በአገልግሎት” ያሳለፈ ሰው ሥራ ሲያመለክት የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጣ ይባላል፤ የሚያቀርበው ወረቀት ግን የለውም።

መሪውን የተወ ሰው ፈጣሪውንም ተወ ማለት ነው? አይደለም! እ.ኤ.አ. በ2023 በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ከ400 በላይ የአንድ ሰባኪ ተከታዮች አስከሬኖች ተቆፍረው ሲወጡ፣ የሰባኪን ቃል ከአምላክ ቃል ጋር አንድ ማድረግ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም አይቷል።

ሕይወትን እንደ አዲስ ስለመገንባት ኢሉባቦር የራሱ ምስክር አለው። በሁሩሙ አካባቢ የተወለዱትን ኦነሲሞስ ነሲብን በልጅነታቸው ነፃነታቸውን የነጠቋቸው የባሪያ ነጋዴዎች ነበሩ እንጂ የሃይማኖት ቡድን አልነበረም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬውም ይጠቅማል። ምጽዋ ላይ ነፃ መውጣታቸው ብቻውን አልበቃም፤ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ተማሩ፣ የሥራ አጋሮችም አገኙ። እንደ አስቴር ጋኖ ያሉ ባልደረቦች አግዘዋቸው የተረጎሙት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንንም በእምነቱ ማስገደድን ይከለክላል። ለወጣው ሰው ግን ከሕጉ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሥራና ወዳጅ ነው። የመቱ፣ የጎሬና የበደሌ እድሮችና አሠሪዎች ሆይ፣ “ለምን ወጣህ?” ከማለታችሁ በፊት “ምን ትችላለህ?” ብላችሁ ጠይቁት።