የኑዛዜያችሁ ዋናው ወረቀት የት ነው?

ልጆቼ፣ በኩዌት በሳልሚያና በሃዋሊ፣ በፈርዋኒያና በፋሃሂል ሰው ቤት የምትሠሩ፤ ላባችሁ አገር ቤት ቤት ሆኗል፣ ይዞታ ሆኗል፣ የባንክ ደብተር ሆኗል። «ከእኔ በኋላ ለማን?» ማለት ግን ለብዙዎቻችሁ ሟርት ይመስላል። ኑዛዜ ሞትን አይጠራም፤ የእህትና የወንድምን ክስ ግን ያስቀራል።

አስቀድማችሁ ውክልናንና ኑዛዜን ለዩ። ለወንድማችሁ የሰጣችሁት ውክልና፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በሞታችሁ ቀን ያበቃል። ኑዛዜ ደግሞ በወኪል አይደረግም፤ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙም አይጸናም።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም ይፈርሙበታል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። በእጃችሁ የምትጽፉት ምስክር አያሻውም፤ ነገር ግን ሙሉው በእጃችሁ ይጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን ይናገር፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። የተጻፈውም ካልተገኘ አይወረስም። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል። ኮንትራቷን እያደሰች 8 ዓመት የቆየች ልጅ፣ ስትወጣ የጻፈችው ወረቀት በእናቷ ሣጥን እንዳለ ዋጋ ያጣል። ፍርድ ቤት የሚቀበለውም ዋናውን ወይም በአደራ የተቀበለው ሹም ያረጋገጠውን ግልባጭ ነው። የስልክ ፎቶ አይተካውም፤ በዋትስአፕ የተላከ ድምፅም ኑዛዜ አይሆንም።

ዋናውን በማዳም ቤት፣ ሻንጣ ውስጥ አታኑሩ። ያለፈቃዳችሁ ፓስፖርት መያዝን የኩዌት የ2015 እ.ኤ.አ. የቤት ሠራተኞች ሕግ ይከለክላል፤ በድንገት ከቤቱ ብትወጡ ግን ሻንጣው እዚያው ይቀራል። ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኢራቅ ኩዌትን ስትወር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የውጭ ሠራተኞች ንብረታቸውን ጥለው በበረሃ ተሰደዋል።

ለእረፍት ስትገቡ ውልና ማስረጃ ወይም የአካባቢያችሁ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ዋናውን አስቀምጡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። መግባት ካልቻላችሁ የኤምባሲያችንን ቆንስላ ክፍል አማክሩ። የት እንዳለም በኑዛዜው ድርሻ ለሌለው ለአንድ የታመነ ሰው ንገሩ፤ የእድር ዳኛ ሊሆን ይችላል። የቤቱን ካርታና የባንክ ደብተሩን ቦታም አብራችሁ አሳውቁት። ሙስሊም ልጆቼ፣ በሸሪዓ ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ እንደማያልፍ አስታውሱና ቃዲ አማክሩ።

ዘንድሮ የምትገቡ፣ ለቤተ ሰብ የያዛችሁትን ስጦታ አድላችሁ እንደ ጨረሳችሁ በማግስቱ ወደ መዝገብ ቤት ሂዱ። ያላችሁትን ያለ ጠብ ለወገን ማድረስ የላባችሁ የመጨረሻ ክብር ነው።